ኒውተን፣ አንስታይን ወይስ አክሊሉ ለማ? ከእሪ በከንቱ የተነሳ ክርክር

ፒያሳ፣ እሪ በከንቱ፣ አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት። ከጎናችን የተቀመጡ አራት ወጣቶች አንድ ስልክ ከበው ይጯጯሃሉ። መጀመሪያ የኳስ ጉዳይ መስሎን ነበር፤ ያው ሜሲ ወይስ ሮናልዶ የሚለው የማያልቅ ነገር። ጆሯችንን ጣል ስናደርግ ግን ወሬው ሌላ ነው፦ በዓለም ታሪክ ከሳይንቲስቶች ሁሉ የሚበልጠው ማነው?

«አንስታይን ነው፣ አለቀ!» ይላል አንዱ።

«ኧረ ባክህ! ኒውተን ባይኖር አንስታይን ከየት ይመጣ ነበር?» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ቴስላ ላይ ሙጭጭ ብሏል። አራተኛዋ ልጅ ደግሞ «ሁለት ኖቤል የወሰደችው ሜሪ ኩሪስ? እሷን የት አደረጋችኋት?» ብላ ስልኩን ቀማቻቸው።

ይሄኔ ጥግ ላይ ጋዜጣ ሲያነቡ የነበሩ አንድ አዛውንት መነጽራቸውን አወለቁና «ልጆች፣ ከእኛስ ማንን ትጠራላችሁ?» አሉ።

ቤቱ ጭጭ አለ። አንዱ «ጋሼ፣ ከእኛማ...» ብሎ ጀመረና ተወው። አዛውንቱ ፈገግ ብለው ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

ቤተሰቦች፣ ይህን ጽሑፍ ያጻፈችን ያቺ ዝምታ ናት። ጥያቄውን ይዘነው ወጣን፤ መልስ ነው ያልነውን ይኸው ይዘን መጣን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃውን የሚያወጣው ማነው?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «የምንጊዜም ታላላቅ ሳይንቲስቶች» የሚሉ ዝርዝሮችን በየቀኑ ስልካችን ላይ እናያለን። ግን ማን ነው የሚያወጣቸው? በምንስ መስፈርት?

ሁለት ምሳሌ እንስጣችሁ። በ1999 ፊዚክስ ወርልድ የተባለው መጽሔት ታዋቂ የፊዚክስ ሊቃውንትን ጠይቆ ነበር። አንደኛ የወጣው አንስታይን ነው፣ ኒውተን ሁለተኛ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲ ተመሳሳይ ጥያቄ አቀረበ፤ እዚያ ደግሞ ኒውተን አንስታይንን በለጠው። ኒውተን እንግሊዛዊ ነው፤ የሮያል ሶሳይቲም ፕሬዚዳንት ነበር። ተጠያቂዎቹ አድልተዋል ለማለት አይደለም፤ ኒውተን የሚገባውን ነው ያገኘው። ግን መልሱ በማን እንደተጠየቀና ምን ተብሎ እንደተጠየቀ ይቀያየራል።

ሌላም ነገር አለ። ዝርዝር ውስጥ የሚገባው ስሙ የተሰማ ሰው ብቻ ነው። ያልተሰማው ምንም ያህል ቢያስብ እጩ እንኳን አይሆንም። ይህን ነጥብ ያዙልን፣ እንመለስበታለን።

እንግዲያው በምን እንለካ?

እኛ ሦስት ነገር አስቀምጠናል።

አንደኛ፣ ሁሉም ያየውን ነገር አይቶ ማንም ያልጠየቀውን መጠየቅ። ነገር ከላይ ወደ ታች እንደሚወድቅ ያላየ ሰው የለም። ኒውተን የጠየቀው ፍሬን መሬት ላይ የሚጥለውና ጨረቃን በምህዋሯ የያዘው ኃይል አንድ ነው ወይ ብሎ ነው። መልሱን በ1687 በመጽሐፍ አወጣው።

ሁለተኛ፣ ሐሳቡን ለፈተና ማቅረብ። ጥሩ ሐሳብ ሁሉም ሰው አለው። ሳይንቲስት የሚባለው ግን «ከተሳሳትኩ በምን አውቃለሁ?» ብሎ ሙከራ የሚሠራው ነው።

ሦስተኛ፣ ሥራው ከሰውየው በኋላ ለሌሎች መሥሪያ መሆኑ። አንስታይን በ1905 ዓለምን የቀየሩትን ጽሑፎች ሲያወጣ የ26 ዓመት ወጣት ነበር፤ የሚሠራውም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳይሆን ስዊዘርላንድ፣ በርን፣ የፓተንት ቢሮ ውስጥ ነው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስ ያለ እሱ አንጻራዊነት ስሌት ቦታችሁን በትክክል አያሳያችሁም።

አሁን እነዚህን ሦስት መለኪያዎች ይዘን ከፒያሳ ወደ አድዋ እንሂድ።

አድዋ፣ 1964፦ ወንዝ፣ ልብስ እና የሞቱ ቀንድ አውጣዎች

ዶክተር አክሊሉ ለማ ያኔ ገና 30 ዓመት አልሞላቸውም። ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ይዘው የተመለሱ ወጣት ተመራማሪ ናቸው። አድዋ የሄዱት ቢልሃርዚያን ለማጥናት ነበር።

ቢልሃርዚያ ምንድን ነው? በአጭሩ ትል ነው። እንቁላሉ ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ ይገባል። ውሃ ውስጥ ይፈለፈልና አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ፈልጎ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል። እዚያ በብዙ እጥፍ ተባዝቶ ይወጣና በዓይን የማይታይ ሆኖ ይዋኛል። ከዚያ ልብስ የምታጥብ እናት፣ የሚዋኝ ልጅ፣ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ እግሩን ውሃ ውስጥ ሲነክር ቆዳውን በስቶ ይገባል። አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል፣ ልጆችን ያቀጭጫል። በዓለም ላይ መከላከያ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው፤ አብዛኞቹ አፍሪካ ውስጥ ናቸው።

እዚህ ላይ ዋናዋን ነገር ልብ በሉ፦ ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ መራባት አይችልም። ሰንሰለቱ እዚያ ጋ ይቆረጣል።

ዶክተር አክሊሉ ወንዙን ተከትለው ቀንድ አውጣ ሲሰበስቡ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አሉ፤ ሌላ ቦታ ግን እንደዚያ አይደለም። ምን ተፈጠረ? ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር።

እንዶድን የማያውቅ ካለ እናቱን ወይም አያቱን ይጠይቅ። ሳሙና እንደ ልብ ሳይገኝ በፊት ሸማ ነጭ ሆኖ የሚወጣው በእንዶድ ነው። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል። በአገራችን ለዘመናት የሚታወቅ ነገር ነው።

ታዲያ ያን አረፋ ስንት ሰው አይቶታል? ስንቱስ በዚያ ወንዝ አልፏል? ዶክተር አክሊሉ ግን አይተው አላለፉም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ከሌላ ቦታ ሰብስበው ዕቃ ውስጥ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድታፈስበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

አንደኛው መለኪያ እዚህ ተሟላ፤ ሁሉም ያየውን ነገር አይቶ ማንም ያልጠየቀውን መጠየቅ። ሁለተኛውም እዚያው ወንዝ ዳር ተጀመረ።

ከወንዝ ዳር ወደ ላብራቶሪ

ወንዝ ዳር የተደረገች ሙከራ ግን ብቻዋን አትበቃም። ዶክተር አክሊሉ በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በእሳቸው ስም የሚጠራው ኢንስቲትዩት ያ ነው። ሌላ ኢትዮጵያዊ፣ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ፣ የትኛው የእንዶድ ዓይነት ይበልጥ ብርቱ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚተከልና እንደሚለማ ለዓመታት አጠኑ፤ «ቁጥር 44» የሚባለው ምርጥ ዓይነት የተገኘው በዚህ ሥራ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ኬሚስቶች ደግሞ ከእንዶድ ውስጥ ገዳዩን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ስሙን ምን አሉት መሰላችሁ? «ለማቶክሲን»። በአክሊሉ ለማ ስም ማለት ነው።

ከዚያ ትልቁ ፈተና መጣ። እዚያው አድዋ ውስጥ ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል ወንዞቹ ላይ እንዶድ በሥርዓት እየተጨመረ ውጤቱ ተለካ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ዘንድ 50 በመቶ የነበረው የቢልሃርዚያ ሥርጭት ወደ 7 በመቶ ወረደ። ቁጥሩን እንደገና አንብቡት፤ ከሁለት ሕፃናት አንዱ ታማሚ በነበረበት ከተማ ከመቶ ሰባት ብቻ ቀሩ።

ታዲያ ለምን አልተሰማም?

አሁን ወደ ሰፈራችን ስም እንመለስ። እሪ በከንቱ። «እሪ» ማለት የድረሱልኝ ጩኸት ነው፤ «በከንቱ» ደግሞ ያለ ፍሬ። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩት፣ ድሮ እዚያ ገደል አካባቢ ሌባ የያዘው ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት አልነበረም፤ ስሙ ከዚያ መጣ ይባላል። ፒያሳ ዙሪያ ብዙ ነገር ፈርሶ ብዙ ነገር ተሠርቷል፤ ስሙ ግን እንዳለ አለ።

የእንዶድም ታሪክ እንደዚያ ነው። ውጤቱ በእጅ እያለ የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዶድ ይሁንታ አልሰጠም። በጊዜው ቀንድ አውጣ ለመግደል የሚታወቀው መድኃኒት ከጀርመን ኩባንያ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ኬሚካል ነበር። እንዶድ ግን አጥር ሥር ይበቅላል። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ «የደህንነት ምርመራው ዓለም አቀፍ ደረጃ ባለው ላብራቶሪ አልተሠራም» የሚል ሆነ። እንዲህ ዓይነት ምርመራ የሚሠራ ላብራቶሪ ያኔ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፣ ገንዘቡም የለም። የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ መድቦ ምርመራው እንዲሠራ የረዳው በ1980ዎቹ ነው። ከግኝቱ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሐቀኛ እንሁን። ምርመራ መጠየቁ በራሱ ጥፋት አይደለም። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። በጎ ጎኑ ውሃ ውስጥ ብዙ ሳይቆይ መበስበሱ ነው። ችግሩ «መርምሩ» መባሉ አይደለም፤ መመርመሪያውን የያዘው ሰው «አምጡ፣ አብረን እንየው» አለማለቱ ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉ የተናገሩትም ይህንኑ ነበር፦ ዋናው እንቅፋት የበለጸጉት አገሮች ሰዎችና ድርጅቶች አመለካከት እንደሆነ፣ ከእኛ አካባቢ ደህና ሳይንስ ይወጣል ብለው ለማመን እንደሚቸገሩ።

ይህ አፍሪካውያን ላይ ብቻ የደረሰ ነው እንዳትሉ። በ1847 ቪየና ውስጥ ሴመልዌይስ የሚባል ሐኪም፣ ዶክተሮች ወላድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውሃ ቢታጠቡ እናቶች እንደማይሞቱ አሳየ። ከመቶ አሥር እናት በላይ ይሞትበት የነበረ ክፍል ወደ አንድና ሁለት ወረደ። የሰማው ግን ጥቂት ሰው ነው። በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ። ዛሬ እያንዳንዱ ሆስፒታል እሱ ያለውን ያደርጋል። አውሮፓም የራሷ እሪ በከንቱ ነበራት።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? እሱ ዛሬ ዝርዝሮቹ ውስጥ አለ።

ሌላ ሐይቅ፣ ሌላ ፓተንት

የእንዶድ ታሪክ እዚህ አያበቃም። ከምሥራቅ አውሮፓ በመርከብ ውሃ ተጭኖ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የገባ ዜብራ መስል የሚባል ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ አለ። የውሃና የኃይል ማመንጫ ቱቦዎች ውስጥ ተጣብቆ እየተራባ ይደፍናቸዋል፤ አሜሪካን ብዙ ገንዘብ አስወጥቷል። በ1990 ዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሊቀበሉ ኦሃዮ፣ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ይህን ችግር ሰሙ። ቀንድ አውጣ የሚገድል ይህንንስ ለምን አይገድልም? ከዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ጋር ተሞከረ፤ ገደለ።

ከዚያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ የአሜሪካ ፓተንት ወሰደ። በሕጉ መሠረት የተፈቀደ ነገር ነው። ግን ዓለም ላይ ትልቅ ክርክር ተነሳ፤ ዕፅዋቱ የኢትዮጵያ ነው፣ አረፋውን ትውልድ በትውልድ ያቆየችው ኢትዮጵያዊት እናት ናት። እሷ ምን አገኘች? የአድዋ ልብስ አጣቢዎች ስም ፓተንቱ ላይ የለም።

አስቡት። አድዋ ላይ ለሕፃናት የሠራው ነገር ሃያ ዓመት ደጅ ጠና፤ አሜሪካ ላይ ለቱቦ የሠራው ግን በጥቂት ዓመት ፓተንት አገኘ።

እንዳናጋንን፦ እንዶድ ቢልሃርዚያን ከዓለም አላጠፋም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን መጣ፤ ዛሬ ዋናው መከላከያ እሱ ነው፤ የብዙ ሚሊዮን ሰዎችንም ጤና መልሷል። ግን ክኒን የዋጠ ልጅ ነገ ያው ወንዝ ውስጥ ቢገባ እንደገና ይያዛል። ለዚህ ነው ቀንድ አውጣውን መቆጣጠር አሁንም ከመከላከያው ሥራ ያልወጣው።

አክሊሉ ብቻ አይደሉም

«እሺ፣ አንድ ሰው ነው» የሚል ካለ፣ ቶሎ ቶሎ እንጥራ።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ፦ ወሎንኮሚ የተወለዱ የማሽላ ሊቅ ናቸው። አቀንጭራ የሚባለውን አረም ገበሬ ያውቀዋል። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የማሽላ ሥር የሚለቀውን ኬሚካል ሲያሸት ይነቃና ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል። የገቢሳ ቡድን ያንን «የመቀስቀሻ ደወል» በጣም ጥቂት ብቻ የሚለቅ ማሽላ አዳቀለ። አረሙ ሳይነቃ ይቀራል። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀብለዋል።

ፕሮፌሰር ሰገነት ቀለሙ፦ ከፍኖተ ሰላም ተነስተው በዕፅዋት በሽታ ምርምር በ2014 የሎሬያል ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት አገኙ። ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፉን የነፍሳት ምርምር ማዕከልም መርተዋል።

ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ፦ በ2000 ዲኪካ ላይ ቡድናቸው ያገኛት ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። አጽሟን ከያዛት ድንጋይ ለመለየት አሸዋውን ቅንጣት በቅንጣት እየፈለቀቁ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ፦ አዲስ አበባ ተወልደው በነዳጅ ሴል ምርምር ዓለም ከሚጠራቸው ሰዎች አንዷ ሆነዋል።

እነዚህን ስሞች ስንቶቻችን ነን ሳንጎግል የምናውቃቸው?

እና አክሊሉ ኒውተንን ይበልጣሉ?

ቁርጥ ያለ መልስ እንስጥ። አይ። ኒውተንና አንስታይን ተፈጥሮ የምትሠራበትን ሕግ ነው የጻፉት፤ ያ ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። «የእኛ ሰው አንደኛ ነው» ብሎ መፎከር ለአክሊሉም አይጠቅማቸውም፣ ለእናንተም።

ግን «ከእኛማ...» ብሎ ዝም ማለት ደግሞ ውሸት ነው። በሦስቱም መለኪያ አክሊሉ ለማ ይቆማሉ። ያልተጠየቀ ጠይቀዋል፣ ሐሳባቸውን ከዕቃ ውስጥ ቀንድ አውጣ እስከ ሙሉ ከተማ ፈትነዋል፣ ያቆሙት ተቋም በ1997 ካረፉ በኋላም እስከ ዛሬ ሳይንቲስት ያወጣል።

ከዚህ ታሪክ እኛ የወሰድነው ሌላ ነገር ነው። ታላቅ ሐሳብ ብቻውን አይቆምም። አስተዋይ ዓይን አለ፣ አዎ። ከጎኑ ግን የአድዋ እናቶች አሉ፣ ለዓመታት ችግኝ ያወዳደሩ ለገሠ አሉ፣ ሞለኪውሉን የለዩ ኬሚስቶች አሉ፣ ገንዘብ የመደበ ማዕከል አለ። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል እሪታው በከንቱ ይሆናል። «አፍሪካ ለምን አንስታይን የላትም?» የሚለው ጥያቄ ስለ ጭንቅላት መሆኑ ቀርቶ ስለ ላብራቶሪ፣ ስለ በጀትና ስለሚሰማ ጆሮ መሆን አለበት። ያ ጆሮ ደግሞ ጄኔቫ ብቻ አይደለም ያለው። ልጁ የሠራውን ነገር ይዞ ሲመጣ «ባክህ ትምህርትህን ተማር» የሚል ቤተሰብ፣ የተማሪዋን ሐሳብ ሳያይ የሚመልስ ቢሮ፣ የራሳችንን ሰው ፈረንጅ ሲሸልመው ብቻ የምንጠራ እኛም አለንበት።

በነጋታው ሻይ ቤቷ ተመልሰን ሄድን። አዛውንቱ እዚያው ጥግ ላይ ናቸው። «ጋሼ፣ መልስ ይዘን መጣን፤ አክሊሉ ለማ» አልናቸው።

ሳቁ። «እናቴ እንዶድ ስትወቅጥ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አድጌአለሁ» አሉን። «አረፋውን እኔም አይቼዋለሁ። ግን ልጆቼ፣ እኔ አልጠየቅኩም።»

ቤተሰቦች፣ በየቀኑ አይታችሁ የምታልፉት፣ ማንም ያልጠየቀው ነገር በሰፈራችሁ ምን አለ? ጻፉልን፣ እናነበዋለን።